በኢንተርኔት ዓለም መሬት ማከራየት፦ ትርፉና ስጋቱ

በስክሪን ላይ ብቻ የሚታይ መሬት አከራይቶ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል? አዎ፣ ግን ስሌቱን እንመልከት።

ሊንደን ላብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2003 (እ.ኤ.አ.) «ሰከንድ ላይፍ»ን ከፈተ። ሰዎች እዚያ ቤት ይሠራሉ፣ ይነግዳሉ፤ መገበያያው «ሊንደን ዶላር» ወደ እውነተኛ ዶላር ይመነዘራል። «አንሺ ቹንግ» በሚል ስም የምትታወቀው አይሊን ግሬፍ በዚህ መሬት ንግድ ሀብቷ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ማለፉን በ2006 አስታውቃለች።

አሠራሩ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ይመስላል። አከራዩ ከኩባንያው ሙሉ ደሴት ወስዶ ሸንሽኖ ያከራያል። በ2006 መጨረሻ አዲስ ደሴት መግዣው 1,675 ዶላር፣ ወርሃዊ ክፍያው 295 ዶላር ነበር። ለምሳሌ 10 ቦታ እያንዳንዱን በ40 ዶላር ብናከራይ በወር 105 ዶላር ይተርፈናል፤ መግዣውን ለመመለስ ብቻ 16 ወር ገደማ ይፈጃል። ሦስቱ ቦታዎች ባዶ ከሆኑ ግን በየወሩ 15 ዶላር እንከስራለን።

ከሁሉም በላይ ልናስተውለው የሚገባው፣ የገዛነው መሬት ሳይሆን በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን ነው። በ2006 ኩባንያው የአንድ የፔንሲልቫኒያ ጠበቃን አካውንት መሬቱን ባልተገባ መንገድ ገዝቷል በሚል ዘጋበት፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2007 በስምምነት አለቀ።

ኪራይ በመሠረቱ ሐላል ነው። ሆኖም ተከራዩ በቦታው ምን እንደሚሠራ ሳናውቅ፣ ዑለማኦችንም ሳንጠይቅ ገንዘባችንን ባናወጣ ይሻላል።