ስለ ቡና ዛፍ

በሐይቅና በአምባሰል ቡናን የማያውቅ ልጅ የለም። ሲቆላ ያሸተዋል፤ ሲወቀጥ ይሰማዋል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ሲቀዳም ያየዋል። የቡናን ዛፍ ግን ቀርቦ ያስተዋለ ጥቂት ነው፤ እርስዋ በጓሮ ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች በታች ተሸሽጋ የምትኖር ትንሽ ዛፍ ናትና።

በዱር ያለችው የቡና ዛፍ እስከ 10 ሜትር ልትረዝም ትችላለች። በጓሮ ያለችው ግን ለለቀማ እንዲመች ጫፍዋ ስለሚቆረጥ ከሰው ቁመት እምብዛም አትበልጥም። ቅጠልዋ በበጋም በክረምትም አረንጓዴ ነው፤ ቅቤ እንደ ተቀባ ያብለጨልጫል፤ በቅርንጫፉም ላይ ሁለት ሁለቱ ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ደረቁ ወራት አልፎ ዝናም ሲነካት በጥቂት ቀን ውስጥ ቅርንጫፍዋ ሁሉ ነጭ አበባ ይለብሳል፤ ሽታውም እንደ ጠምበለል ነው። ነገር ግን አበባው ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ይጠወልጋል፤ በዚያን ጊዜ ወደ ጓሮ ያልወጣ ልጅ ሳያየው ያልፈዋል።

አበባው በረገፈበት ስፍራ ጥቃቅን አረንጓዴ ፍሬ ይቀራል። ይህ ፍሬ ለመብሰል ከ7 እስከ 9 ወር ይፈልጋል፤ ሲበስልም እንደ ደም ይቀላል፤ ስሙም እሸት ቡና ይባላል። ልጣጩ ሲላጥ ከበታቹ ጣፋጭና የሚያሙለጨልጭ ሥጋ አለ። በመካከሉ ሁለት ዘሮች ጠፍጣፋ ፊታቸውን አጋጥመው ተኝተዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ብቻውን ያደገ ድቡልቡል ዘር ይገኛል። እሸቱ ከነልጣጩ በፀሐይ ሲደርቅ ጀንፈል ይባላል።

የዚህች ዛፍ የትውልድ አገርዋ ሐይቅ አይደለም። በከፋና በኢሉባቦር፣ በባሌም በሐረና ጫካ ማንም ሳይተክላት ትበቅላለች። በከፋና በኢሉባቦር ከዓመቱ ወራት በአብዛኞቹ ዝናም ይዘንባል። በዚያ ታላላቆቹ ዛፎች ወደ ላይ ወጥተው ሰማዩን እንደ ድንኳን ይጋርዱታል፤ ፀሐይም በቅጠሉ መካከል እየሾለከች ጥቂት በጥቂት ትወርዳለች። የቡና ዛፍ ያደገችው በዚህ ድንኳን ሥር ነው፤ ስለዚህ ጥላ ትወዳለች። የሐይቅ ልጅ ይህን ለመረዳት ከሐይቁ ዳር ቆሞ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ዛፎች ይመልከት፤ የከፋ ጫካ ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ነው፤ ከሥሩም በቀትር እንኳ ደብዛዛ ነው።

ጥላዋ የተቆረጠባት ቡና ምን ትሆናለች? ይህ ነገር ብዙ ሰው ያታልላል። ፀሐይ ስታገኝ በመጀመሪያ ፍሬዋ ይበዛል፤ ባለቤቱም «ዛፉን ቆርጬ ተጠቀምሁ» ይላል። ዳሩ ግን ከአቅምዋ በላይ ስላፈራች ትደክማለች፤ ቅጠልዋ ቢጫ ይሆናል፤ ቅርንጫፍዋም ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። በሐይቅ አካባቢ ጉዳቱ ይብሳል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ለቡና ይስማማል፤ ደረቁ ወራት ግን ከከፋ ይልቅ ይረዝማል። ስለዚህ በዚህ አገር ቡና የምትኖረው በሁለት ረዳት ነው፤ አንዱ በቦይ የሚመጣ ውሃ፣ ሁለተኛው እንደ ዋንዛ ያለ ዛፍ ጥላ ነው። ዋንዛ ፀሐይዋን ይከለክልላታል፤ የረገፈውም ቅጠሉ አፈሩን ሸፍኖ እርጥበቱን ይጠብቃል። የዋንዛ ሳንቃ ግን ለበርና ለሣጥን እጅግ የሚፈለግ ነው፤ ገንዘብ የቸገረው ሰው አስቀድሞ የሚያየው እርሱን ነው። ሳንቃው አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ቡናው ግን በየዓመቱ ይለቀም ነበር።

ጫካው ለቡና ጥላ ብቻ አይደለም፤ የዘርዋም ጎተራ ነው። ቡና ከኢትዮጵያ ወደ የመን ተሻገረች። በ1753 (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሊኔዎስ የተባለ የስዊድን ሊቅ ለዕፀዋት ስም ሲያወጣ «የዐረብ ቡና» ብሎ ሰየማት፤ ጫካዋን አላየም ነበርና። ከየመንም የወጡ ጥቂት ዛፎች በሩቅ አገር ተባዝተው ለብዙ እርሻ እናት ሆኑ። የጥቂቶች ልጆች ስለ ሆኑም አንድ በሽታ ሲነሣ ሁሉን ይይዛል። በ1869 ዛሬ ስሪላንካ በምትባለው በሴሎን ደሴት የቅጠል ዋግ ተነሣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰዎቹ ቡናውን ትተው ሻይ ተከሉ።

በ1971 ደግሞ የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁር ሌላ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። ያን ጊዜ የጅማ ምርምር ጣቢያ ሠራተኞች መድኃኒቱን ከቡናዋ አገር ፈለጉ፤ በበሽታው መካከል ጤነኞች ሆነው የቆሙትን ዛፎች መርጠው ዘራቸውን ወሰዱ። ከእነርሱ አንዲቱ 74110 ትባላለች፤ 74 የተባለው የ1974 ምልክት ነው። ጫካው አስቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆን ያች ዛፍ ከየት ትገኝ ነበር? በ2010 ዩኔስኮ የከፋንና የያዩን ጫካዎች ተጠብቀው እንዲኖሩ በዓለም መዝገብ ጻፋቸው፤ ምሳር ግን ዛሬም ከጫካው ዳር አልራቀም።

የቡና ዘር መዝራት የሚወድ ልጅ የተቆላውን አይዝራ፤ እርሱ ሞቷል። ከቀይ እሸት አዲስ ዘር ያውጣ፤ በጥላ ያድርቀው፤ በለስላሳ አፈር ውስጥ ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ታች አድርጎ ይቅበረው፤ በላዩም ዝቅ ያለ የሣር ዳስ ይሥራለት። ሁለት ወር ያህል ሲቆይ ቡቃያው ዘሩን እንደ ቆብ በራሱ ላይ ደፍቶ ይወጣል። ፍሬ የሚታየው ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ ነው፤ ጥላ የሌለበት ጓሮ ከሆነ ግን ዋንዛውን ከቡናው አስቀድሞ መትከል ይገባል።