ፈተና ሲደርስ ምሳ አትዝለሉ

ካትዌ በካምፓላ ያለች የብረት ሠራተኞች ሰፈር ናት፤ ዓለም ግን ያወቃት በቼዝ ተጫዋቿ በፊዮና ሙቴሲ ነው። ብዙዎቻችሁ ታሪኳን የሚያሳየውን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን «ኩዊን ኦፍ ካትዌ» የተባለ ፊልም አይታችሁት ይሆናል። አሠልጣኟ ሮበርት ካቴንዴ የሰፈሩን ልጆች ቼዝ ሲያስተምር አንድ አንድ ኩባያ አጥሚትም ይሰጣቸው ነበር። ፊዮናም መጀመሪያ የመጣችው ርቧት፣ አጥሚቱን ፈልጋ ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ ልቡ ሰሌዳው ላይ አይቆይም። ይህ እውነት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪም ያው ነው።

ካምፓላ የምንማር ኢትዮጵያውያን ነገሩን በደንብ እናውቀዋለን። አገር ቤት ካፌው ባይጣፍጥም ሰዓት ነበረው፤ ከዶርም ልጆች ጋር ተጠራርቶ መብላትም ነበር። እዚህ ግን የኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻችንን ነን። ከቤት የሚላከው ብር ሲዘገይ መጀመሪያ የሚቀረው ቁርስ ነው። ከዚያ ምሳ ቻፓቲ በለስላሳ ይሆናል። ፈተና ሲመጣ ደግሞ ሌሊቱ በቡና፣ በኃይል ሰጪ መጠጥ፣ አንዳንዴም በጫት ይገፋል።

ይህ ስሜታችንን እንዴት ይነካል? አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ምግብ ሲዘለል በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ ሰውነትም እሱን ለመመለስ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል። እነዚህ በጭንቀት ጊዜ የሚለቀቁት ሆርሞኖች ናቸው። እጅ መንቀጥቀጡ፣ ልብ በፍጥነት መምታቱ፣ በትንሽ ነገር መናደዱ አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል። ማታ የተጠጣ ቡና እንቅልፍ ይነሳል፤ ጫትም የምግብ ፍላጎት ይዘጋና ምርቃናው ሲያልፍ ድባቴውን ትቶ ይሄዳል። የብረት፣ የፎሌትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ደግሞ ድካምና የስሜት መውረድ ሊያስከትል ይችላል።

በአውስትራሊያ ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። የድብርት ምልክት የነበረባቸውና አመጋገባቸው ጥሩ ያልነበረ 76 ወጣቶች ተሳትፈውበታል። ለ3 ሳምንት አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬና ዓሣ አዘውትረው የበሉት፣ እንደ ወትሯቸው ከቀጠሉት ይልቅ ድብርታቸው ቀለል ብሎ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው። ተስፋ ግን ይሰጣል።

ነገሩ በሁለት በኩል የሚሄድ መሆኑን አትርሱ። ድብርት ራሱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ምግብ ለመሥራት አቅም ያሳጣል። ስለዚህ መብላት ያቃተውን ጓደኛችሁን «ሰነፍ» አትበሉት። ሠርታችሁ ውሰዱለት።

ደህና ለመብላት ደግሞ ውድ ነገር አያስፈልግም። በካትዌ መንገድ ዳር የሚሸጠው ኪኮማንዶ የተባለ የቻፓቲ ምግብ ቦሎቄ አለበት፤ ቦሎቄውን አስጨምሩ። ፖሾ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ ስትበሉ ዶዶ የሚሉትን አረንጓዴ ቅጠል አብራችሁ እዘዙ። ሙኬኔ የተባለችው ደቃቅ የደረቀች ዓሣ ርካሽ ናት፤ ፕሮቲንም ቢ12ም አላት። ጿሚ ከሆናችሁ ቦሎቄ፣ ምስር፣ ኦቾሎኒና ቅጠላ ቅጠል አታጓድሉ፤ ፍስክ ሲሆን ዕንቁላል ጨምሩ። ከሰዓት በኋላ ቡናውን ቀንሱ። ቢያንስ ምሳ ሰዓት ይኑረው።

ከሁሉም በላይ አብራችሁ ብሉ። ሦስት አራት ተማሪ ሆናችሁ ገንዘብ ብታዋጡ አንድ ድስት ሽሮ ለሁላችሁም ይበቃል፤ ከማዕዱ የቀረ ሰውም ወዲያው ይታወቃል። «ምነው ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ለተጨነቀ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ምግብ ግን ሕክምናን አይተካም። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ትምህርቱም ኑሮውም ካስጠላችሁ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲያችሁ የምክር አገልግሎት ወይም የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጠው ቡታቢካ ሆስፒታል ሂዱ። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብራችሁ ሂዱ። ይህን ያነበባችሁ ደግሞ ዛሬ ብቻውን ለሚኖር አንድ ተማሪ ደውላችሁ ለነገ ምሳ ጥሩት።