የገናን በዓል ለልጆቻችን እንዴት እናስረክብ?

እንደሚታወቀው የጌታችን የልደት በዓል ወይም ገና በአገራችን በታኅሣሥ ወር መጨረሻ የሚከበር ታላቅ በዓል ነው። በካምፕም ሆነ በጅቡቲ ከተማ የምንኖር ስደተኞች አቅማችን በፈቀደ መጠን እናከብረዋለን። ይሁን እንጂ በዓሉ ሲቃረብ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የገንዘብ ነገር ነው። በግ ስንት ገባ፣ ዶሮ የት ይገኛል፣ ጤፍ ተወደደ እንላለን። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን በዓሉን ያውቁታል ወይ? ካላወቁትስ ማን ያስተምራቸዋል?

ይህን ጥያቄ ያስነሡብኝ በጅቡቲ ከተማ ፊደል የማስቆጥራቸው የስደተኛ ልጆች ናቸው። ባለፈው ዓመት በበዓሉ ሰሞን ስለ ገና ሥዕል እንዲሥሉ አዘዝኳቸው። አብዛኞቹ የሣሉት በቴሌቪዥንና በስልክ ያዩትን የጥድ ዛፍ፣ በረዶና ቀይ ልብስ የለበሰውን የገና አባት ነበር። በጅቡቲ ሙቀት ተወልዶ በረዶን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ በረዶ ሣለ። የገና ዱላ፣ ጧፍ ወይም ድፎ ዳቦ የሣለ ግን አንድም አልነበረም። አንዲት ልጅማ፦ "ቲቸር፣ የእኛ ገና ለምን ከሰው ዘግይቶ ይመጣል?" ስትል ጠየቀችኝ።

ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ልጅ የሚያውቀው ያየውንና የተነገረውን ነው።

በአገር ቤት በዓሉ ራሱ አስተማሪ ነበር

እኔ ያደግሁት በወሎ ገጠር ነው። ገና ማለት ይህ ነው ብሎ ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ የቤቱ ምግብ ይለወጣል። እናቴ ጌሾ መውቀጥ ስትጀምር በዓሉ መቃረቡን በሽታው እናውቃለን። ወደ ላሊበላ የሚጓዙ ተሳላሚዎች ስንቃቸውን አዝለው በእግራቸው በደጃችን ሲያልፉ ውኃና ቆሎ ይዞ መውጣት የእኛ የልጆች ሥራ ነበር። አባቴ ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ዱላ እየፈለገ ለየቁመታችን ይቆርጥልናል። በዋዜማው ሌሊት ነጠላ ተከናንበን፣ ጧፍ ይዘን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። እንቅልፍ ያሸነፈው ትንሽ ልጅ በእናቱ ነጠላ ሥር ይተኛል። ሲነጋ ጾሙ ይፈታል። ታላቅ እኅቴ ዶሮውን በ12 ብልት ስታወጣ ላባ የምነጨው እኔ ነበርኩ።

ይህን የማነሣው ለናፍቆት ብቻ አይደለም። ልብ ብለን ካየነው በዓሉ ወደ እኛ የተላለፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ መንደሩ በሙሉ አብሮ ያከብር ስለነበር ልጅ በማየት ይማራል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ልጅ በዓሉ ውስጥ የራሱ ሥራ ነበረው። እዚህ የመጀመሪያው መንገድ ጠፍቷል። መንደሩ፣ ብርዱ፣ የተሳላሚው መንገድ የሉም። በመሆኑም በአገር ቤት በዝምታ ይተላለፍ የነበረውን ነገር እዚህ በቃል ማስረዳት ግድ ሆኗል። ሁለተኛው መንገድ ግን ዛሬም በእጃችን ነው።

ቀኑ ለምን ይለያል?

ልጆች ቀድመው የሚጠይቁት ይህንን ስለሆነ ወላጅ መልሱን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በጥንት ጊዜ ክርስቲያኖች በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን በሚጨምር አቆጣጠር በዓሉን ያከብሩ ነበር። ይህ አቆጣጠር ከፀሐይ ዑደት ጋር ቀስ በቀስ ልዩነት ስላመጣ የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. 10 ቀን ዘለው አዲስ አቆጣጠር አወጡ። የእኛ፣ የግብፅና የሩስያ አብያተ ክርስቲያናት ግን በቀድሞው ሥርዓት ጸኑ። ልዩነቱ እያደገ ሄዶ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ስለዚህ በፈረንጆች ዲሴምበር 25 እና በእኛ ገና መካከል ያለው ርቀት እነዚህ 13 ቀናት ናቸው። የእኛ ገና በፈረንጆች ጃንዋሪ 7 ቀን ይውላል። ግብፃውያንና ሩስያውያንም በዚሁ ቀን ያከብሩታል። "የእኛ አልዘገየም፤ አቆጣጠሩ ሁለት ሆኖ ነው" ብሎ ማስረዳት ይቻላል።

ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ በዓሉ አንዳንድ ጊዜ ታኅሣሥ 29፣ አንዳንድ ጊዜ ታኅሣሥ 28 የሚውልበትን ምክንያት ይጠይቃሉ። ይህ በሂሳብ የሚገለጥ ነው። ጌታችን የተፀነሰው መጋቢት 29 ቀን ነው። ከዚያ እስከ ልደቱ 9 ወር ከ5 ቀን ይቆጠራል። ወሮቹ 30፣ 30 ቀን ሲሆኑ 5ቱ ቀን የጳጉሜን ነው። በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን አንድ ቀን ትርፍ ስለሚመጣ በቀጣዩ ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በዓሉ በታኅሣሥ 28 ይከበራል። 2016 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር፤ 2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። ልጆቻችሁን እርሳስና ወረቀት አስይዛችሁ ራሳቸው እንዲቆጥሩት አድርጉ። የኢትዮጵያን ወራት ስም እግረ መንገዳቸውን ይማራሉ።

የተሰደደው ሕፃን

የልደቱን ታሪክ ስንነግራቸው በበረቱ ላይ አናቁም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እንደተጻፈው ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ስለፈለገ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሽቷል። ቤተ ክርስቲያናችን ይህንን ስደት በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ወቅት 40 ቀን ታስበዋለች። የነቢያት ጾም የሚገባው ይህ ወቅት ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። እንግዲህ ስደት ከበዓሉ አጠገብ ያለ ነገር ነው። በትምህርት ቤት "ሬፉጂዬ" እየተባለ የሚሸማቀቅ ልጅ ይህንን ሊሰማ ይገባዋል።

እስላም ወገኖቻችንም ለልጆቻቸው የሚነግሩት ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም መጥተው በነጃሺ ዘንድ ተጠልለዋል። አገራችን ስደተኛ ተቀባይ እንደነበረች ልጆቻችን ከዚህ ይረዳሉ።

ሰብአ ሰገል ያመጡት ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤም እዚህ በቀላሉ የሚገለጥ ነው። የዕጣንና የከርቤ ዛፎች የሚበቅሉት በዚሁ በአፍሪካ ቀንድና በማዶ በየመንና በኦማን ነው። የጅቡቲ እናቶች ሉባን እያሉ የሚያጨሱትን ዕጣን ለልጁ አሽትታችሁ፣ "ለሕፃኑ የመጣለት እንዲህ ያለው ነው" በሉት። በዚህ ነገር ከአገር ቤት ይልቅ እዚህ ያለን ምሳሌ የቀረበ ነው።

ጨዋታው

የገና ጨዋታ እረኞች የልደቱን ዜና ሰምተው በዱላቸው በደስታ ከመጫወታቸው የመጣ ነው ይባላል። አጨዋወቱ ቀላል ነው። ልጆች በሁለት ቡድን ይከፈላሉ፤ በአገር ቤት ላይኛው መንደር ከታችኛው ጋር ይገጥም ነበር። ሩር የምትባለው ክብ እንጨት ወይም ጠፍር በመካከል ትቀመጥና እያንዳንዱ ወገን በቆልማማ ዱላ እየመታ ከተቃራኒው ወሰን ለማሳለፍ ይታገላል። በዚያ ቀን ጌታና አሽከር እኩል ይጫወታሉ፤ ጌታው ቢመታም አይቆጣም። ለልጆች ሊነገር የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ታኅሣሥና ጥር በጅቡቲ ሙቀቱ ጋብ የሚልበት ወቅት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ማጫወት ይቻላል። ሩሯን ከጨርቅና ከፌስታል ጠቅልሎ በገመድ ማሰር ይበቃል፤ ለስላሳ ስለሆነች ልጅ አትጎዳም። ለዱላ ግን በካምፑ ዙሪያ ያሉትን ጥቂት ግራሮች መቁረጥ አይገባም። የአካባቢው ሰው ፍየሉንና ግመሉን የሚመግበው ከእነሱ ነው። የወደቀ ጭራሮ ወይም ያረጀ የመጥረጊያ እጀታ ይበቃል። ዱላው ከጉልበት በላይ እንዳይነሣ አንድ ትልቅ ሰው ቆሞ ይጠብቅ። በአገር ቤት ጨዋታው የወንዶች ነበር፤ እዚህ ሴቶች ልጆችም ቢጫወቱ የሚቀር ነገር የለም።

ከእጃችን ባለው

በግ የሌለበት ቤት በዓል የለበትም ማለት አይደለም። ከራሽን ዱቄት ድፎ ዳቦ ይጋገራል። የኮባ ቅጠል ስለሌለ ዘይት የተቀባ ወረቀት ከድስቱ ሥር ይነጠፋል፤ ፍሙ ከሥርም ከክዳኑም ላይ ይደረጋል። ጤፍ ከሌለ የማሽላ እንጀራ የሐረርጌ ወገኖቻችን ዘወትር የሚበሉት ነው። ዶሮ ካልተገኘ ሽንኩርቱ በደንብ ቁልጭ ብሎ፣ በርበሬው ገብቶበት የእንቁላል ወጥ ይሠራል። ቄጤማ በሌለበት ጠርጎ ውኃ መርጨትና ንጹሕ ምንጣፍ ማንጠፍ ይበቃል።

ከምግቡ ይልቅ ሥራውን ለልጆች ማከፋፈል ይበልጣል። አንዱ ሽንኩርት ይላጥ፣ አንዱ እንቁላል ይላጥ፣ አንዷ ቡናውን ትቁላና ዙሩን፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለች ትጥራ። ትንሹ ልጅ ለጎረቤት ዳቦ ያድርስ። ቀርቦለት ብቻ የበላ ልጅ የሚያስታውሰው ጣዕሙን ነው። የሠራ ልጅ ግን አሠራሩንም ይዞ ይሄዳል፤ ነገ በሄደበት አገር እሱ ራሱ ያደርገዋል።

በወሎ በዓል ሲመጣ ለእስላም ጎረቤት ሥጋ አይላክም፤ ዳቦ፣ ቡናና ብርዝ ይላካል። በአረፋ ደግሞ ከእነሱ ወገን እንዲሁ ይመጣል። እዚህም የሶማሌ፣ የአፋርና የኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ጋር ይህንን ልማድ ብንጠብቅ ልጆቻችን ከአንድ በዓል ሁለት ትምህርት ያገኛሉ።

ስለ ዝምታ

ከባዱ ነገር የመጨረሻው ነው። በብዙ ቤት በዓል የሚቀረው በድህነት ብቻ አይደለም፤ በኀዘንም ነው። በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። የበኩር ልጃቸው በኦቦክ በኩል ወደ የመን ለመሻገር ከወጣ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ከዚያ ዓመት ወዲህ በቤታቸው ገና አልተከበረም ነበር። ታናናሾቹ ግን ምክንያቱን አያውቁም። የሚያውቁት እናታቸው በበዓል ቀን እንደሚቆጡ ብቻ ነው። ልጅ ምክንያቱ ያልተነገረውን ዝምታ በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። በዓሉ የሚያሳፍር ነገር ነው ወይም እኔ አጥፍቻለሁ ብሎ ያስባል።

ባለፈው ገና እኚህ እናት በጎረቤቶች ምክር ለልጁ አንድ ጧፍ አብርተው፣ በልጅነቱ ገና እንዴት ይጫወት እንደነበር ለታናናሾቹ ነገሯቸው። እያለቀሱ ነው የነገሯቸው። ልጁ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ልጆቹ ግን ወንድማቸውን አወቁት፤ የገናንም ጨዋታ ከእሱ ታሪክ ተማሩ። ወላጅ በልጁ ፊት ቢያለቅስ ነውር የለበትም። በዓሉን ከነኀዘኑ መስጠት ጨርሶ ካለመስጠት ይሻላል።

በአጭሩ ለዚህ ዓመት የሚከተሉትን ብናደርግ መልካም ነው፦

1ኛ. ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት አንድ ማታ የልደቱንና የስደቱን ታሪክ መንገር፤
2ኛ. ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሥራ መስጠት፤
3ኛ. ወላጅ ራሱ በልጅነቱ ያሳለፈውን አንድ ገና የሰዎቹንና የቦታውን ስም እየጠራ ማውራት፤
4ኛ. በሰፈር ተሰባስቦ ልጆችን የገና ጨዋታ ማጫወት፤
5ኛ. ወላጅ የሌላቸውን ልጆች በየቤቱ ተከፋፍሎ መጋበዝ።

ከእነዚህ አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ጊዜና የእኛን አንደበት ነው። አገር ቤት የተውነው ንብረት ብዙ ነው፤ ይህ ግን ከእኛ ጋር የመጣ ስለሆነ ለልጆቻችን ልንሰጠው እንችላለን።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!