የሯጮች መብዛት ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ ገበያ ያለው ጥቅም

እስፖርት ከጤናና ከክብር በቀር ለንግድም ረብ እንዳለው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የተባለው ውድድር ያስረዳል። በ1994 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ውድድር 10,000 ያህል ሰዎች ተካፍለዋል፤ ያሸነፉትም ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። በቅርብ ዓመታት ግን የተሳታፊው ቍጥር ከ40,000 በላይ ሆኗል። ለነጋዴው ቁም ነገሩ ማን አንደኛ ወጣ የሚለው ሳይሆን ይህ ሁሉ ሕዝብ ጫማ የሚገዛ፥ የሚሳፈርና የሚመገብ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ የምጣኔ ሀብት ዐዋቂዎች ጥቅሙን ሲመዝኑ ሁለት ነገር ይቀንሳሉ። አንደኛው፥ የአገሬው ሰው በውድድሩ ቀን የሚያወጣውን ገንዘብ ነው፤ ይህ ገንዘብ በሌላ ቀን ከሌላ ሱቅ ይገባ ስለ ነበር ተዛወረ እንጂ አልተጨመረም። ሁለተኛው፥ ከውጭ አገር ለመጣ ዕቃ የሚከፈለው ዋጋ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ለአካባቢው የሚቀረው የሻጩ ትርፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ጭማሪ እንግዳ አውጥቶት በዚያው አገር የሚቀረው ገንዘብ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ደጋ የራሱ ሀብት አለው። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከወረታ በደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚዘልቀውም መንገድ በጋይንት ንፋስ መውጫ ያልፋል። ረጅም ርቀት የሚሮጡ ሰዎች አየሩ ስስ በሆነ ደጋ መለማመድን ይመርጣሉ፤ ልምምዱም ሳምንታትን ይፈጃል። ለአንድ ወር የሚሰነብት ሯጭ ለአልጋ፥ ለእንጀራ፥ ለሥጋና ለማር የሚከፍለው ገንዘብ ከአንድ ቀን ውድድር ግርግር ይበልጣል፤ የጋይንት ገብስና ድንች፥ የስማዳና የእስቴ ጤፍም በዚሁ ምክንያት ገዢ ያገኛሉ። በጥምቀት የሚደረገው የፈረስ ጉግስም ቢሆን ኮርቻውና ልጓሙ በአገር ባለ እጅ ሲሠራ ገንዘቡን እዚያው ያስቀራል።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ ነጋዴውንም መንገደኛውንም አስቸግሯል፤ እንግዳና ጭነት የሚመጡት በአንድ መንገድ ነውና።

ውድድር ለማዘጋጀት የሚያስቡ ነጋዴዎች አስቀድመው መዝገብ ቢይዙ ይበጃቸዋል። ስንት ሰው ከየት እንደ መጣ፥ ስንት ሌሊት እንዳደረ፥ ከተሸጠውም ዕቃ ስንቱ የአገር ምርት እንደ ሆነ ቢጽፉ፥ የሚቀጥለው ዓመት ወጪ የሚያዋጣ መሆኑን ከመዝገባቸው ያገኙታል።