የገቢዎች ሹም በምን ይመዘን?

ሰኔ 30 አልፎ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ገቢዎች ሚኒስቴር የዕቅዱን ክንውን በመቶኛ ያስነግራል፤ መርካቶ ደግሞ «ዘንድሮስ ጨርሰው ገፈፉን» ይላል። ሁለቱም ውጤቱን በሹሙ ስም ይመዘግቡታል። ለአንዱ ጀግና ነው፣ ለሌላው ጨካኝ። እኔ ግን ከጭማሪው አብዛኛው ለሹሙ ምስጋናም እርግማንም የሚያስገኝ አይመስለኝም።

በ2016 የበጀት ዓመት ከ500 ቢሊዮን ብር ጥቂት ያለፈው ገቢ በ2017 ወደ 900 ቢሊዮን ተጠጋ። ሪፖርቱ ምክንያቱን «የተሻሻለ አሠራር» ይለዋል። ነጋዴው «ግምት ተጫነብን» ይላል። በመካከል የተረሳው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ያን ቀን፣ የ2017 የበጀት ዓመት ገና እንደጀመረ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በ57 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በዓመቱ ውስጥም 130 ተሻገረ። የ1,000 ዶላር ዕቃ ጉምሩክ ላይ 57,000 ብር ተብሎ ሲታሰብ የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ 8,550 ብር ነበር፤ በ130 ሲሰላ 19,500 ይሆናል። ቀረጡን ገና አልደመርኩም። ዕቃው ያው ነው፣ ፈታሹም ያው ነው።

ደመወዝተኛው ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደረጃዎቹን በብር ቸንክሮ፣ ዋጋ እየጋለበ፣ እስከ 2017 ማሻሻያ ድረስ ቆየ። በዚያ ሠንጠረዥ 5,000 ብር የሚያገኝ መምህር 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ኑሮው እጥፍ ተወዶ ደመወዙም 10,000 ቢገባ ግብሩ 2,045 ይሆናል። ደመወዙ እጥፍ፣ ግብሩ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አንድም ኦዲተር ከወንበሩ አልተነሳም። የ2017ቱ ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገ እንጂ ደረጃዎቹን ከዋጋ ንረት ጋር አላሰረም፤ ስለዚህ ሰዓቱ እንደገና መቁጠር ጀምሯል።

አሁን ወደ ሹሙ ወንበር እንምጣ። ሐምሌ 2000 ገቢዎችና ጉምሩክ በአንድ ባለሥልጣን ሥር ሲዋሃዱ አቶ መላኩ ፈንታ በሚኒስትር ማዕረግ መሩት። ገቢው በየዓመቱ አደገ ተብሎ ተወደሱ፤ ግንቦት 2005 በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ፤ በ2010 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። በ2011 መሥሪያ ቤቱ ሲከፈል ሚኒስትር የሆኑት ወይዘሮ አዳነች አቤቤ መጋቢት 2012 ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተዛወሩ፤ ሁለት የግብር ዘመን እንኳ ሳይዘጉ። ግብር ከፋይ መመዝገብ፣ መረጃ ማጥራትና ኦዲተር ማሠልጠን ግን ዓመታት ይፈልጋል። ወንበሩ ላይ የማይሰነብት ሹም ቀላሉን ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል? ከምንጭ የሚቆረጠውን ይይዛል፣ የተመዘገበውን ደጋግሞ ያስጨንቃል። ደረሰኝ የማይቆርጠው ጎረቤት እንደተመቸው ይነግዳል።

መለኪያው ከምጣኔ ሀብቱ ላይ ያለው ድርሻ መሆን ነበረበት። ግብር ከጠቅላላው የሀገር ውስጥ ምርት በ2007 ገደማ 12 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2016 ወደ 7 በመቶ ወረደ። የምርቱን አኃዝ ራሱን ብዙም አላምነውም፤ ተነፍቶ ከሆነ ድርሻው ከእውነቱ በታች አንሶ ታይቷል። እንዲህ ያለውን ቁልቁለት ግን ንፋቱ ብቻውን አያመጣውም። ከእነዚያው ዓመታት በአንዳንዶቹ ግን የዕቅድ ክንውኑ መቶ ለመሙላት ጥቂት የጎደለው እየተባለ ሲነገረን ነበር።

ሌላም አለ፤ ተመላሽ። ላኪው የሚጠብቀው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመላሽ በዘገየ ቁጥር የመንግሥት ካዝና ሞልቶ ይታያል፤ የሰው ገንዘብ ግን ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚቀጥለው ሪፖርት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ያልተከፈለ ተመላሽ ስንት ነው? ከጭማሪው በምንዛሪና በዋጋ ንረት የመጣው ስንት ነው? አዲስ የተመዘገበና በርግጥ የከፈለስ ስንት ነው? እነዚህን የማይመልስ ሪፖርት አይጽደቅ።