ሕመምና ባህል

«አመመኝ» የሚለውን ግሥ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የግሡ ባለቤት ሕመሙ ነው፤ ታማሚው ተሳቢ ሆኖ ይቀራል። ራሴን ፈለጠኝ፥ ጎኔን ወጋኝ፥ ሆዴን ቆረጠኝ እንላለን። እነዚህን አነጋገሮች ቃል በቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ብንመልሳቸው በመጥረቢያና በጦር የቆሰልን እንመስላለን። ሕመም በሥጋ ላይ ቢያድርም የሚነገረው በባህል ቋንቋ ነው።

ይህ በስደተኞች ዘንድ ብርቱ ችግር ይፈጥራል። ለምሳሌ ያህል የካምቦዲያን ሴቶች እንውሰድ። ኽመር ሩዥ አገሪቱን በገዛበት ዘመን፥ ይኸውም ከ1975 እስከ 1979 እ.ኤ.አ.፥ ከ1.5 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ በግድያ፥ በረኃብና በበሽታ አልቋል። ከሞት የተረፉት ብዙዎች በታይላንድ መጠለያዎች በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ከእነርሱም መካከል ባልና ልጅ ቀብረው የመጡ፥ አንገታቸውንና ራሳቸውን ለዓመታት ያመማቸው ሴቶች ነበሩ። ከ3 ወር በላይ የቆየውን እንዲህ ያለ ሕመም ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል።

በኽመር ባህል በሰውነት ውስጥ «ኽያል» የሚባል ነፋስ ከደም ጋር ይዘዋወራል። መንገዱ ሲዘጋበት ወደ ደረትና ወደ ራስ ይወጣል፤ የአንገትንም ሥር ሊበጥስ ይችላል ተብሎ ይፈራል። እንግዲህ አንገቷን ያመማት ሴት የምትሰማው ሕመሙን ብቻ አይደለም፤ ሞት የቀረበ ይመስላታል። ስትፈራ ልቧ ይመታል፥ ጡንቻዋ ይኮማተራል፤ ሕመሙም ይብስባታል፤ ሕመሙ ሲብስ ደግሞ ፍርሃቱ ያይላል። በዚያ ላይ በግዳጅ ሥራ ዘመን አፈር በትከሻዋ ተሸክማ ከሆነ፥ የአንገቷ ሕመም ያንን ዘመን መልሶ ያመጣባታል።

ነፋሱን ለማስወጣት ቆዳን ቅባት ቀብቶ በሳንቲም ጠርዝ መፋቅ የተለመደ ነው። በቆዳ ላይ የሚቀረውን ቀይ ሰንበር ያዩ አሜሪካውያን ሐኪሞችና መምህራን የድብደባ ምልክት ነው ብለው የተሳሳቱበት ጊዜ አለ።

ሕመሙ በባህል ይገለጣል ማለት ግን ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በራጅ ምንም ያልታየባትን ሴት «ደኅና ነሽ» ብሎ መሸኘት ሕመሟን አያስታግሠውም። አስተርጓሚው የገዛ ልጇ ሲሆንማ (ይህም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል) እናት የልቧን እንዴት ትናገራለች? አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ክላይንማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፥ ሐኪም በሽተኛውን «የሕመምህ ምክንያት ምን ይመስልሃል? ከሁሉ ይልቅ የምትፈራው ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ መክሯል። ያችን ሴት እንዲህ ብለው ቢጠይቋት፥ የአንገቴ ሥር ይበጠሳል ብዬ እፈራለሁ ትል ይሆናል።