ወራጅ ውሃ የሚወስደውና የሚተወው፦ ከዓባይ የምንማረው



ዛሬ የማስረዳው ስለ አንድ ቀላል ሕግ ነው። ወራጅ ውሃ ሲፈጥን ምድርን ይሸረሽራል፤ ሲዘገይ የተሸከመውን ያራግፋል።

የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ወለሉን የሚገፋበት ኃይል 4 እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በበጋ አሸዋ እንኳ የማያንቀሳቅስ ወንዝ በክረምት ድንጋይ ያንከባልላል። የሚሸረሽረውም ውሃው ብቻውን አይደለም፤ የሚያንከባልለው ጠጠርና አሸዋ ወለሉን እንደ ሞረድ ይፍቃል። ፍጥነቱ ሲቀንስ በመጀመሪያ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ አሸዋው፣ በመጨረሻም ደቃቁ ደለል ይሰፍራል።

ይህን ሕግ በዓባይ ላይ በግልጽ እናየዋለን። ግልገል ዓባይ ጣና ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል፤ ያመጣውንም አፈር በመግቢያው ላይ እየደረደረ ወደ ሐይቁ የገፋ ደለላማ ምድር ሠርቷል። ከጣና የሚወጣው ዓባይ በበኩሉ እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ጉዞው ባዛልቱን፣ ከሥሩም የኖራና የአሸዋ ድንጋዩን ቆርጦ፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ከ1,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሸለቆ ፈልፍሏል። በሱዳን ምድር የተኛ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ሸክሙን ያወርዳል። በ1966 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የሮዛሪስ ግድብ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከመጀመሪያ የመያዝ አቅሙ ሲሶ ያህሉን በደለል አጥቷል።

ሸለቆው የሚሊዮኖች ዓመታት ሥራ ነው። ዛሬ ከሚወርደው ደለል ግን ትልቁ ድርሻ ከታረሰ ተዳፋት የሚነሣ ለም አፈር ነው። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ታርሶ በለሰለሰበትና ቡቃያው ገና አፈሩን ባልሸፈነበት ወቅት ኃይለኛው የክረምት ዝናብ ይወርድበታል። ገበሬው አፈሩን ያጣል፤ ያው አፈር ከታች ግድብ ይሞላል። ዛሬ ከሮዛሪስ በላይ በዚሁ መንገድ ላይ የቆመው የሕዳሴ ግድባችን ነው።

እኔ አጥብቄ የምለው፣ ውሃው መዘግየት ያለበት ገና በማሳው ላይ ቀጭን ሳለ ነው። እርከን የተዳፋቱን ርዝመት ይከፋፍላል፤ ሣር ጎርፉን ያበርዳል፤ በቦረቦር ውስጥ የሚሠራ ክትር አፈሩን ከኋላው ያስቀራል። ሦስቱም የሚሠሩት ዓባይ ጣና ላይ በሚታዘዝበት በዚያው ሕግ ነው። ጎርፉ ተሰብስቦ ቦረቦር ከቆፈረ በኋላ ሥራው ብዙ ጉልበትና ወጪ ይጠይቃል፤ የተወሰደውም አፈር ወደ ማሳው አይመለስም።